አረም የተገኘበት ቤት

ብሎክ ዘጠኝ ላይ መስታወት ሲሰበር የኖላዊት እጅ እስከ ክርኑ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። ድምፁን ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም። በመጀመሪያ አንድ ደረቅ ምት ይሰማል፤ ከዚያ ውሃው ሲለቀቅ እንደ ከብት ትንፋሽ ያለ ነገር፤ ቀጥሎም በደረጃው ላይ የሚንዶለዶል ጅረት። ሰው የሚጮኸው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እጇን ቶሎ አላወጣችም። በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ የጀመረችው ድንጋይ ነበርና እሱን ጨረሰች። ከዚያ ክንዷን በንጹሕ ፎጣ አድርቃ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አደረገች።

አራሚዎቹ ሰውየውን በቤት ልብሱ፣ በሁለት እግሩ ይዘው እየጎተቱ አወረዱት። ጭንቅላቱ በየደረጃው ይነጥር ነበር። ግቢው መሐል ሲደርሱ አንዱ ወጣት የያዘውን የፌሮ ብረት አነሣና ጉልበቱን መታው። የተቆጣ አይመስልም፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ይመስላል። ሚስቱ ከኋላ ትከተላለች። ሁለት መዳፎቿን ጸበል እንደሚቀበል ሰው አጣምራ በመሐላቸው አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ይዛለች። ዓሣዋ ትፈራገጣለች። ሴትዮዋ የት እንደምታስቀምጣት ጨንቋት ወዲያና ወዲህ ትላለች።

"እማ፣ ማን ቤት ነው?" አለች ፌናን ከፍራሿ ላይ ሆና።

"ማንም ቤት አይደለም። ብርድ ልብስሽን ልበሺ።"

"የነቢታንያ ቤት ነው?"

"ልበሺ አልኩሽ!"

ውጭ ገና በጠዋቱ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ቤት ውስጥ ግን ብርድ አለ። ድሬ ውስጥ ሰው ሲገናኝ "እንዴት አደራችሁ" ብሎ አያበቃም፤ "ብርድ አለ?" ይላል። "አለ፣ ተመስገን" ይባላል፤ "አለ፣ አልሐምዱሊላህ" ይባላል። የለም የሚል ሰው አይገኝም። ብርድ የሌለው ሰው ሰላምታ የሚለዋወጡበት ቦታ አይውልም። የሚውለው ደቻቱ ድልድይ ሥር ነው፤ ግንቦት ካለፈ በኋላ ደግሞ እዚያም አይታይም።

ብርዱ የተሰጠው ለሰው አይደለም። ባሕሩ ከሞቀ፣ መርጃኑም ነጥቶ ካለቀ ወዲህ የተረፈው ቅንጥብጣቢ በየቤቱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። መንግሥት ኮራል ይለዋል፤ ድሬ መርጃን ነው የሚለው። መስታወት ውስጥ፣ በሰማያዊ መብራት ሥር፣ ባቡር ከጅቡቲ በሚያመጣው ጨዋማ ውሃ ይኖራል። የባሕር አደራ ጽሕፈት ቤት ብርድ የሚልከው ለመስታወቱ ነው። መርጃኑ ሕያው የሆነበት ቤት ብርድ ይገባል፤ ሰዎቹ በትርፉ ይኖራሉ። ስለዚህ በአደራ ቤት ውስጥ ሽንኩርት አይቁላላም፤ ሽቶ አይረጭም፤ ፀጉር ቅባት አይነካም። ልጆች በመስታወቱ ፊት አይሮጡም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው መርጃኑን ነው፤ ሕፃን ተወልዶ ሊጠይቅ የመጣ እንኳ ቢሆን።

ፌናንን ሙቀት አይችላትም። ሕፃን ሳለች አንድ ቀን ብርዱ ሲቋረጥ ዓይኗ ተገልብጦ፣ አረፋ ደፍቃ፣ እንደ ቅጠል ተንቀጥቅጣ ነበር። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ አተረፋትና ለእናቷ "ሁለተኛ ከሞቃት አትመለስም" አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኖላዊት የምታስበው ነገር ሁሉ መጨረሻው ክፉ ነው። ባሏ ያፌት የውሃው ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፤ ሳይደውል ከዘገየ ባቡሩ ተገልብጧል። መብራት ብልጭ ካለ መስመሩ ተበጥሷል። ዓሣ ከተደበቀ ሞቷል። ፊት ለፊቷ የሚኖረው ሽማግሌ፣ ጋሽ ጠሃ፣ በዚህ ሲያሾፍባት ኖሯል። ድሬ አንቱታ አያውቅምና እሷም አንተ ነው የምትለው።

"አንቺ ልጅ፣ ምጥ ሳይመጣ የምትጮሂ!" ይላታል በተከፈተው በር በኩል፣ ከአልጋው ላይ። እግሮቹ ከከዱት ቆይተዋል።

"የፈሩት ይደርሳል፣ ጋሽ ጠሃ።"

"የጠሉት ይወርሳል ብለሽ ጨርሺው እንጂ! ግማሽ ተረት ይነገራል እንዴ?"

ብሎክ ዘጠኝ ላይ ጩኸቱ ሲያባራ ኖላዊት ወደ መስታወቷ ተመለሰች። የፈራ ሰው እንደሚያደርገው እያንዳንዱን ድንጋይ እንደገና አየች፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከዚያ ጉንጯን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ከኋላ። ከኋላ በኩል፣ ውሃው ቀስ በሚልበት ጥግ፣ አንድ አረንጓዴ ክር ይወዛወዝ ነበር። ከሕፃን ሽፋሽፍት አይበልጥም።

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ክሩ አለ። ከሥሩ ደግሞ ድንጋዩ እንደ ሻገተ ዳቦ ለስላሳ ሆኗል።

"ፌናን፣ ዓሣዎቹን ምን ሰጥተሻቸዋል?"

ልጅቷ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። "ርቧቸው ነበር።"

"ምን ሰጠሻቸው?"

"ከዕንቁላሌ። አስኳሉን።"

"አንድ ቀን ነው?"

"ሁልጊዜ።"

ኖላዊት በጥፊ መታቻት። ልጇን መትታ አታውቅም ነበር። ፌናን አላለቀሰችም፤ እናቷ የመታችበትን እጅ አየችው፣ ከዚያ ውሃውን አየች። ውሃ ውስጥ የተረፈ ምግብ የአረም ማዳበሪያ እንደሆነ በሰፈሩ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ግን የምታውቀው የተራበ እንደሚበላ ነው።

ደንቡ ግልጽ ነው። አረም ያየ ሰው ለብሎኩ ሰብሳቢ ይናገራል። የተናገረ አይመታም፤ ነገር ግን ድንጋዩ እስኪጸዳ ብርዱ ይታሸጋል። ያልተናገረ ሰው ቤቱ ይሰበራል። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ቀድመው ካገኙት ደግሞ የብሎኩ ብርድ በሙሉ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ብሎኮቹ ጽሕፈት ቤቱን አይጠብቁም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያርማሉ። ሌላም አንድ ደንብ አለ፤ ይህኛውን ያወጡት ነዋሪዎቹ ናቸው። የጎረቤቱን ስም የጠራ ሰው ቃሉ ወዲያው ይፈተሻል። የተጠራው ቤት ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ቅጣቱ ወደ ጠሪው ይዞራል። ይህ ባይኖር ኖሮ ድሬ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ሰው አይቀርም ነበር።

ብትናገር ይታሸጋል። ባትናገር ይሰበራል። ለፌናን ሁለቱም አንድ ነው። ኖላዊት በሩን ቆልፋ ሥራ ጀመረች።

ድንጋዩን አውጥታ በብሩሽ ፈገፈገችው። ከመድኃኒት ቤት የቁስል ማጠቢያ ገዝታ በሲሪንጅ ክሩ ላይ ረጨች፤ ክሩ ነጭ አረፋ ነፍቶ ሞተ። መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍና አጨለመችው። ጨለማ አረሙን ሲያደክም መርጃኑንም ያደክማል፤ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ ቢጫዎቹ ገርጥተው፣ ሐምራዊው ብቻ እንደነበረ ቆሞ አገኘችው። ጥቂት ቀናት አለፉና በዚያው ጥግ ክሩ እንደገና ወጣ፤ አሁን ሦስት ነበር። ሥሩ ብሩሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ለዚያ ጥርስ ያለው ነገር ያስፈልጋል።

ጃርት ያለው የጋሽ ጠሃ ሚስት፣ አዴ ኢፍቱ፣ ዘንድ ነበር። እሾሃም፣ ጥቁር፣ የጡጫ ያህል የባሕር ጃርት። ድንጋይ ላይ እየተሳበች የበቀለውን ሁሉ ከነሥሩ ትግጣለች። ከቤት ወደ ቤት ውሃም ሆነ እንስሳ ማዘዋወር ክልክል ነው። ግን ድሬ ነው፤ ስኳርና ክብሪት ሲዋስ የኖረ ሰፈር ጃርት ተከለከለ ቢሉት አይሰማም።

"አዴ ኢፍቱ፣ ጃርትሽን ለጥቂት ቀን አውሺኝ።"

አዴ ኢፍቱ የጋሽ ጠሃን ጀርባ እያሸች ነበር። እጇን አላቆመችም። "ምን ሆንሽ? አረም አየሽ?"

"ኧረ አፍሽ ይቆረጥ! ለፌናን ነው። እሾኋን ልይ ብላ ገደለችኝ።"

አሮጊቷ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ መስታወቷ ሄዳ ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ነከረች። "ለፌናን ከሆነ ውሰጃት። ግን ሙሽራዬ ናት፤ እንዳታስርቢያት።"

"ሙሽራዋን ታውሳለች፣ ባሏን ግን አታውስም!" አለ ጋሽ ጠሃ።

"አንተን ማን ይወስድሃል አቦ! የሚወስድህ ቢገኝ መርቄ ነበር የምሰጠው፤ ከነፍራሽህ!"

ሦስቱም ሳቁ። ኖላዊት ሳህኑን በሻሿ ሸፍና ኮሪደሩን ተሻገረች።

ጃርቷ በላች። ፌናን ጆሮዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ "ቁርት ቁርት ትላለች" እያለች ስትስቅ ዋለች። ስንጥቁ ነጣ። ኖላዊት ሰማያዊውን ባትሪ እያበራች ደጋግማ ፈተሸች፤ በዚያ ብርሃን ሥር አረም እንደ ደም ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው። ቀይ ነገር የለም። ሌላ ቀን ፈተሸች። የለም። ክሩን ካየች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ስትበላ ጣዕሙ ተሰማት።

ዕቃ መመለስ መጣ።

ድሬ ውስጥ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሳምቡሳ የመጣበት ሳህን ቴምር ይዞ ይሄዳል፤ ቴምር የመጣበት ሎሚ ይዞ ይመለሳል። ምንም የሌለው ሰው ጨው ያደርግበታል። ባዶ ዕቃ የመለሰ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል። ኖላዊት ጃርቷ የተኛችበትን ሳህን ይዛ ቆማ ይህን አሰበች። ባዶውን ብመልሰው አዴ ኢፍቱ ምን ትላለች? ምን ሆና ነው ትላለች። ምን ደብቃ ነው ትላለች። ጋሽ ጠሃ ይሰማል፤ እሱ የሰማውን ደግሞ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቴምር አይጨመር፣ ሎሚ አይጨመር።

አዴ ኢፍቱ ሐምራዊውን መርጃን እንደምትመኝ ታውቃለች። አረም ደርሶበት ከማያውቀው፣ ከፊተኛው ድንጋይ ላይ፣ የጣት ያህል ቅርንጫፍ ከነድንጋይ ፍንካቹ ሰበረች። አጠበችው። በባትሪ አየችው። እንደገና አጠበችው። ንጹሕ ነበር፤ ወይም ዓይን እስከሚያየው ድረስ ንጹሕ ነበር።

"ወላሂ!" አለች አዴ ኢፍቱ ክዳኑን ስትከፍት። "ሐምራዊው! ጠሃ፣ እይ እስቲ ምን እንዳመጣችልኝ!"

"እኔን አስይዘሽ የማታገኚውን ነገር በጃርት አገኘሽ" አለ ጋሽ ጠሃ።

አዴ ኢፍቱ ኖላዊትን በሁለት ጉንጮቿ ሳመቻት። ቅርንጫፉን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፊት አደረገችው።

ግንቦት ሲገባ የመታረም ተራ ለነኖላዊት ብሎክ፣ ለብሎክ አሥር፣ ደረሰ። ሰብሳቢው ጋሽ ኢዮስያስ ፌሮዎቹን በክንዱ ታቅፎ በየበሩ አንኳኳ። ምድር ቤት የሚኖር፣ ድሮ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው።

"ከየቤቱ አንድ ሰው! አቦ ውጡ፣ ፀሐይዋ ሳትብስ እንጨርስ!"

ከየቤቱ አንድ ሰው መውጣት ግዴታ ነው። ሁሉም ፌሮ ይይዛል፣ ሁሉም ይመታል። ያልመታ ይመሰክራል ይላል ጋሽ ኢዮስያስ።

"ለአንቺ ቀላሉን መርጬልሻለሁ" አላት ኖላዊትን ፌሮ እየሰጣት። "ፌናን እንዴት ናት? ብርድ አለ?"

"አለ፣ ተመስገን።"

ከታች ጀመሩ። ባትሪው በየመስታወቱ ያልፋል፣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ጋሽ ኢዮስያስ "ንጹሕ!" ይላል፤ የቤቱ ባለቤት ግንባሩን ጠርጎ ሰልፉን ይቀላቀላል። ከበር ወደ በር ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። አዴ ኢፍቱ ቤት ሲደርሱ ክፍሉ ሞላ። ኖላዊት ከበሩ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ጠሃ ከአልጋው "ሠርግ ነው እንዴ? ወንበር እንኳ የለንም!" አለ፤ ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለ።

ባትሪው ሐምራዊው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሥሩ፣ ከድንጋይ ፍንካቹ ጫፍ፣ የጥፍር ያህል ቀይ ይበራል።

"አዴ" አለ ጋሽ ኢዮስያስ። "ይሄ ምንድን ነው?"

አዴ ኢፍቱ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ዓይኗ ከበሩ አጠገብ ያለውን ሰው ሁሉ አልፎ ኖላዊት ላይ አረፈ። ከዚያ ዞር አደረገችው። "ትላንት አልነበረም" አለች።

"ነበር አልነበረም አይደለም ጥያቄው።"

ክንዶቿን ዘርግታ መስታወቱ ፊት ቆመች። ማንም አልገፈተራትም። አንዱ ፌሮውን አነሣና አወረደው፤ ክንዷ ክርን በሌለበት ቦታ ላይ ታጠፈ። ወደ ግድግዳው ስትወድቅ ሁለተኛው ምት መስታወቱን አገኘው። ውሃው የጋሽ ጠሃን ፍራሽ አልፎ፣ ጫማዎችን ተሸክሞ፣ በሩን ሞልቶ ወጣ። ዓሦች በሰው እግር መሐል ይዘላሉ። ሰዎቹ በተራ ይመታሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት። ጃርቷን አንድ ሰው ረገጣትና እሾኋ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ስለ ጮኸ በፌሮ ቀጠቀጣት።

"ኖላዊት፣ ተራሽ ነው።"

ሐምራዊው መሬት ላይ ነበር። ኖላዊት ሌላውን ሁሉ አልፋ እሱን መታችው። እንደገና መታችው። አመድ እስኪሆን ድረስ መታችው። አዴ ኢፍቱ ክንዷን አቅፋ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ ስትመታው አየቻት።

"አረም በራሱ እግር አይሄድም" አለ ጋሽ ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ። "ማን ሰጠሽ?"

"ማንም።"

ጫማውን በተሰበረው ክንዷ ላይ አሳርፎ ጫን አለ። የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

"ተዋት!" አለ ጋሽ ጠሃ። በክርኖቹ ተደግፎ ከእርጥቡ ፍራሽ ለመነሣት ይታገላል። "ተዋት እላለሁ! ኖላዊት ናት! ጃርታችንን ወስዳ በምትኩ የሰጠችን ነው! ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ! ምን ያዘሽ?"

ውሃው በደረጃው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ኢዮስያስ እግሩን ከክንዷ ላይ አነሣ።

"ስም ተጠራ" አለ። "እንሂዳ።"

ኮሪደሩን ተሻገሩ። ፌናን ፍራሿ ላይ ተቀምጣ፣ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ጠበቀቻቸው። ኖላዊት በሩን ተደግፋ ቆመች። የባትሪውን ብርሃን በዓይኗ ተከተለች። የፊተኛው ድንጋይ። የጎኑ። ጋሽ ኢዮስያስ በሆዱ ተኝቶ ከሥር አየ፤ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከኋላ አየ፤ ያቺን ጥግ አየ፤ ስንጥቁ ውስጥ ባትሪውን ሰክቶ ቆየ። መጨረሻዬ መጣ አለች በሆዷ። እዚያ ነው፣ አሁን ያየዋል፣ አሁን ይዞራል።

"ንጹሕ" አለ።

"እንደ ሙሽራ ጥርስ!" አለ አንዱ። "ከኔ ቤት ይሻላል።"

ጋሽ ኢዮስያስ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። የፌናንን ራስ ዳሰሰ። "ብርድ አለ፣ እንቡጤ?"

"አለ፣ ተመስገን" አለች ልጅቷ፣ እንደተማረችው።

"ይቅርታ አድርጊልን" አላት ኖላዊትን ሲወጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሽማግሌ ሲጨንቀው የቅርቡን ስም ይጠራል። አትቀየሚው።"

መናገር የነበረባት ያኔ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ፌናን ስታስል ሰማች፤ አፏን ዘጋች። በሩንም ዘጋች።

ጋሽ ጠሃን ከነፍራሹ ተሸክመው ሲያወርዱት ሰማች። አዴ ኢፍቱን ደግሞ ስትጎተት ሰማች። ግቢው መሐል ፍራሹን ሲጥሉት ሰማች። ከዚያ ምቱ ጀመረ፤ ከፍራሽ ላይ አቧራ እንደሚያራግፉ ዓይነት፣ ያልተቸኮለ።

"ጋሽ ጠሃ ነው?" አለች ፌናን።

"ጆሮሽን ያዢ።"

"እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ የሰጠሻቸው።"

ሽማግሌው አይጮኽም ነበር። በየምቱ መሐል ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ "ልጄ፣ ተናገሪ።" ቁጣ የለበትም። ሲያሾፍባት በኖረበት ድምፅ ነው የሚላት፤ የጀመረችውን ተረት ጨርሺ እንደሚላት።

ኖላዊት በሩን በርግዳ ወጣች። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ፀሐይዋ ፊቷን እንደ ምጣድ ተቀበለቻት። ሰዎቹ ፌሮው ስለጋለ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ነበር።

"እኔ ነኝ!" አለች። "እውነቱን ነው! ከኔ ቤት ነው የወጣው!"

ጋሽ ኢዮስያስ ላቡን ጠረገ። "አቦ ተዪ፣ ኖላዊት።"

"እኔ ነኝ እልሃለሁ! አረም ነበረብኝ፤ ጃርቷ በላችልኝ፤ ከዚያ ሐምራዊውን..."

"መስታወትሽን በዓይናችን አይተን የለም እንዴ? ደግ ጎረቤት ነሽ። ደግነትሽን ለልጅሽ አድርጊው።"

"እግዚአብሔርን! እኔ ነኝ!"

"እሷ እኮ" አለ አንዱ ከኋላ፣ "ድሬ ቢዘንብ እኔ ነኝ ያዘነብኩት ነው የምትለው።" ሳቁ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቋታል።

ሽማግሌው ላይ ወደቀችበት። ደረቱ ከሥሯ እንደ ተሰበረ ቅርጫት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ደሙ ልብሷን አልፎ ሆዷን አሞቀው። ሁለት ሰዎች ከብብቷ ይዘው በቀስታ አነሷት። "ፀሐይ ይመታሻል" እያሉ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ከአዴ ኢፍቱ አጠገብ አስቀመጧት። ተመልሰው ፌሯቸውን አነሡ። አንዱ "የት ደርሰን ነበር?" ሲል ሰማችው።

አዴ ኢፍቱ የተሰበረ ክንዷን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝታ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ኖላዊት ፊቷን ማየት አልቻለችም። እርግማኑን ጠበቀች፤ ምራቁን ጠበቀች፤ ሊመጣ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ በሐሳቧ ደረደረች፤ በዕድሜዋ ሁሉ የለመደችው ይህን ነው። አሮጊቷ ግን ቀና ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ነበር የምታየው።

"በሩን ክፍት ትተሽው ነው የመጣሽ?" አለች።

ኖላዊት ዓይኗን ወደ ፎቁ አነሣች።

"ብርዱ እየወጣ ነው። ልጅቷ ትሞቃለች።" በደህናው እጇ ገፋ አደረገቻት። "ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ!"

ጋሽ ጠሃ ገና ይተነፍስ ነበር። ኖላዊት ተነሣች። ደረጃው ላይ ፈስሶ የነበረው ውሃ በዚያች ጊዜ ውስጥ ደርቆ ጨው ሆኗል፤ ስትሮጥ ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። ላይ ስትደርስ ፌናን በሩ ላይ ቆማ፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ወደ ግቢው ለማየት በእግር ጣቶቿ ተንጠራርታ ነበር። አንሥታ አስገባቻት፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈችው።